አባዬ፣ ወዴት ነው የምንታጠፈው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ 72 ዓመቱ ነው። ነጯን ዲኤክስ ኮሮላውን እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ይነዳታል። አንድም ቀን ሰው ገጭቶ አያውቅም። አሁን አሁን ግን ፍሬቻ አብርቶ ይረሳል። እሁድ ጠዋት ገርጂ ከደጃችን ተነስተን ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን እስክንደርስ የግራ ፍሬቻው እንደበራ ነው። ከኋላ ያለው ሰው ክላክስ ያደርጋል። ከፊት የሚመጣው ሾፌር መዳፉን እየጨበጠ እየዘረጋ ያሳየዋል። አባቴ ደግሞ ሰላምታ ይመስለውና እጁን አንስቶ አጸፋውን ይመልሳል! ባለፈው ታናሽ ወንድሜ «ፍሬቻውን አጥፋው እንጂ!» ብሎ ጮኸበት። አባቴ ጥግ ይዞ አቆመና «በል ና፣ አንተ ንዳት» ብሎ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ፍሬቻ የሚባል ቃል አይነሳም። መርጃጀት ጀምሮት ይሆን? ወይስ መኪናዋ ናት? ምን ብዬ ልንገረው?
ሴት ልጁ ነኝ፣ ከገርጂ

መልስ፦ ልጄ፣ አባትሽ ሰላምታውን ሲመልስ ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ወዲያው ግን የራሴ ጉድ ትዝ አለኝና ሳቁ ቆመ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከደብረ ዘይት ስመለስ ዱከም አካባቢ አንድ ከባድ መኪና ቀደምኩ። የቀኝ ፍሬቻ አሳይቼ ወደ መስመሬ ገባሁ። መግባቴን እንጂ ፍሬቻውን ማን አስታወሰው። ሬዲዮ ከፍቻለሁ፣ መስኮቱም ክፍት ነው። ትንሽ እንደሄድኩ በቀኝ በኩል ካለ ኮረኮንች መንገድ አንድ አይሱዙ ብቅ አለ። ይቆማል ስል ጭራሽ መጣ። ፍሬን ያዝኩ፣ መሪ ጠመዘዝኩ፣ የቀኝ ስፖኪዮዬ ረገፈች። ወርጄ ልጮህበት አፌን ስከፍት ሾፌሩ ቀደመኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ነዎት ና ያሉኝ» አለ። በጣቱ ጠቆመኝ። ፍሬቻዬ ብልጭ ድርግም ይላል። አርባ ዓመት ሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ የሠራሁ ሰውዬ!

የአይሱዙው ሾፌር እውነቱን ነው። ወደ እሱ መንገድ የምታጠፍ መስሎታል። ፍሬቻ ጨርሶ የማያሳይ ሾፌር ዝምተኛ ነው፤ ሰው ይጠረጥረዋል፣ ይጠነቀቀዋል። አብርቶ የረሳው ግን ሳያውቀው ይዋሻል፣ ሰውም ያምነዋል። የአባትሽ ነገር ቀልድ ያልሆነው ለዚህ ነው። የግራ ፍሬቻው በርቶ ሲሄድ ከኋላ ያለው ሊቀድመው ይፈራል። መንገድ ሊሻገር የቆመ እግረኛ ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ሊታጠፍ ነው» ብሎ ይገባበታል።

ሆኖም መርጃጀት ወደሚለው አትቸኩዪ። መጀመሪያ መኪናዋን እንጠይቃት።

ፍሬቻ በራሱ የሚመለሰው እንዴት መሰለሽ? መሪው ሥር፣ ከመሪው ጋር አብሮ የሚዞር ጥርስ ያለው ቀለበት አለ። ፍሬቻ ስታበሪ ከማብሪያው ውስጥ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ወደ ቀለበቱ ጠጋ ትላለች። ታጥፈሽ ጨርሰሽ መሪውን ስትመልሺ ጥርሱ ምላሷን ይገፋታል፤ ማብሪያውም ቀጭ ብሎ ወደ መሃል ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። በራሱ የሚመለስ ፍሬቻ ቢዩክ በሚባሉት የአሜሪካ መኪኖች ላይ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ነው። የእናንተም ዲኤክስ የምትሠራው በዚሁ ዓይነት ዘዴ ነው።

እንግዲህ መሪው በደንብ ካልዞረ ጥርሱ ምላሷን አያገኛትም። መኪናዋ የምትቆመው ደጃችሁ ላይ የቀኝ ጥግ ይዛ ነው አይደል? አባትሽ ግራ አሳይቶ ወደ መንገዱ ሲገባ መሪውን ስንት ያዞራል? ነካ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ፍሬቻው አይመለስም። ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። መስመር ስትቀይሪም፣ ስትቀድሚም እንዲሁ ነው፤ በእጅ ካላጠፋሽው ሲበራ ይውላል። አደባባይ ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ግራ አሳይተሽ ስትገቢ መጀመሪያ መሪውን ወደ ቀኝ ስለምትጠመዝዢ፣ ገና ዙሩን ሳትጀምሪ ሊጠፋብሽ ይችላል። (የባጃጅ ሾፌሮችማ አትጠይቂኝ። የባጃጅ መሪ እጀታ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ በአውራ ጣት ካልመለሱት የሚመልሰው የለም። እንዳየሁት ከሆነ ማታ ቤት ሲገቡም እንደበራ ነው።)

ብልሽት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ጭር ያለ ሰፊ ቦታ ሂዱ። ወደ ቀኝ ሙሉ ታጠፉ፣ ከዚያ ወደ ግራ። ቀኙ በራሱ ተመልሶ ግራው እምቢ ካለ ምላሷ ተበልታለች ማለት ነው። ፕላስቲክ ናት፣ በዚያ ላይ ዕድሜዋን ታውቂዋለሽ። ማብሪያው ይቀየራል። ሶማሌ ተራ ሄደሽ ያገለገለ ከገዛሽ ምላሷን በዓይንሽ ሳታዪ ብር እንዳትከፍዪ። አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂልኝ፤ በቅርቡ መሪው ተነቅሎ ያውቃል? ጋራዥ ውስጥ ነቅለው ሲመልሱት ትንሽ አዛብተው ካሰሩት ቀለበቱም አብሮ ይዛባል። ያኔ አንዱ ወገን ቶሎ ይጠፋል፣ ሌላው ይዘገያል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ቪትዝ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነበር።

መኪናዋ ደህና ከሆነች ወደ ሰውየው እንምጣ። ግን ከጭንቅላቱ በፊት ጆሮውን።

ፍሬቻ ሲበራ ቀጭ ቀጭ የሚለው ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችው ፍላሸር የምትባል ሳጥን ናት። በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ትላለች። ድምጿ ግን ቀጭን ነው። ሰው ሲያረጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚሸሸው ቀጭን ድምፅ ነው። መስኮቱ ተከፍቶ፣ ከጎን የሚኒባሱ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ፣ እንኳን አባትሽ እኔም አልሰማትም። ቤት ውስጥ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል? ስልኩ ሲጠራ ሌላ ሰው ነው የሚነግረው? እንግዲያው መልሱን አገኘሽው። ጆሮውን ይታይ።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው አረንጓዴ ቀስትስ ትበራለች? አደራ እዪያት። (ፍሬቻ ራሱ በጣልያንኛ ቀስት ማለት ነው፤ ቃሉን ከነመኪናው ነው የተረከብነው።) አምፖሏ ተቃጥላ ከሆነ አባትሽ አይሰማም፣ አያይም። ታዲያ በምን ይወቅ?

እኔ ብሆን ቢፕ የምትል ባለ 12 ቮልት ትንሽ ድምፅ ማውጫ አስገባለት ነበር። ዋጋዋ ትንሽ፣ ሥራዋም የግማሽ ሰዓት ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከግራውም ከቀኙም የፍሬቻ ሽቦ ሲወስድ በእያንዳንዱ ላይ ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ ዕቃ፣ ያስገባ። ዝም ብሎ ሁለቱን ሽቦ ካገናኛቸው ግራ ስታሳዩ አራቱም መብራት ብልጭ ይላል። እንደዚያ የተሠሩ ስንት መኪኖች ፈትቻለሁ!

አነጋገሩን በተመለከተ ታናሽሽ ተሳስቷል። አርባ ዓመት የነዳ ሰው ላይ ልጁ ሲጮህበት «ጊዜህ አልፏል» ያለው ነው የሚመስለው። አንቺ አብረሽው ስትሄጂ ፍሬቻው በርቶ ከቀረ ቀስ ብለሽ «አባዬ፣ ወዴት ነው የምንታጠፈው?» በዪው። ሌላ ምንም አትበዪ። ራሱ ዳሽቦርዱን ያያል፣ ራሱ ያጠፋል፤ ምናልባትም «ወዴትም» ይልና ይስቃል። ስለ ቢፗም «አባዬ፣ ጋሼ ለሁሉም ሰው ይጠቅማል ብለዋል» ብትዪው ውሸት አይደለም። የእኔም መኪና ላይ አለች።

እኔን መንዳት ያስተማሩኝ ሰው ደግሞ «ሦስተኛ ከገባ፣ ዓይን ዳሽቦርድ» ይሉኝ ነበር። ዲኤክስ ማርሿ በእጅ ነው፤ ሦስተኛ ማስገባት አይቀርም። እጅ ማርሹን ሲለቅ ዓይን ቀስቷን ይመልከት። ዱከም ላይ ይህንን ረስቼ ነው ስፖኪዮ የገዛሁት።

እነዚህ ሁሉ ተሞክረው፣ የለመደው መንገድ ከጠፋው ወይም ፍሬንና ነዳጅ ከተምታቱበት ግን ጉዳዩ ከእኔ እጅ ወጥቷል። ያኔ ሐኪም ዘንድ ይዘሽው ሂጂ፣ መሪውንም አንቺ ያዢ።

ጥያቄ፦ የቪትዜን የኋላ የቀኝ ፍሬቻ አምፖል በኤልኢዲ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ሳሳይ እንደ እብድ ይፈጥናል። ፍላሸሩ ተቃጥሎ ነው?
የራይድ ሾፌር፣ ከሳሪስ

መልስ፦ አልተቃጠለም፣ እንዲያውም በትክክል እየሠራ ነው። የድሮው አምፖል 21 ዋት ይወስዳል። ኤልኢዲው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚወስደው። ፍላሸሩ አምፖል የተቃጠለ መስሎት እየተጣደፈ ይነግርሃል። ወደፊት ኤልኢዲ ሳታስገባ እንዲህ ከፈጠነ ውረድና አምፖሎቹን እያቸው፤ አንዱ ተቃጥሏል።

የድሮውን አምፖል መልስለት። ኤልኢዲ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር ቀይር። ኤልኢዲው የቀነሰውን ኤሌክትሪክ የሚበላ ሬዚስተር እናስገባልህ የሚሉህ አሉ፤ ይሠራል፣ ግን በጣም ይግላል። ፕላስቲክ ላይ እንዳያስሩብህ። ሌላው ቀለሙ ነው። የፍሬቻህ ሽፋን ነጭ ከሆነ አምፖሉ ራሱ ብርቱካናማ መሆን አለበት። ነጭ አምፖል ካስገባህ የኋላ ማርሽ ያስገባህ ይመስላል፤ ከኋላህ የቆመው ሰው ልትመጣበት መስሎት ክላክሱን ያቀልጠዋል።