ኤክስተርናሉ አልከፍት ሲል ፎርማትን አትንካ

ጅማ፣ ቆጪ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ ወጣት እንዲህ ሲል ጠይቆኛል።

«ጋሼ፣ ላፕቶፔ ኡቡንቱ 22.04 ነው። 1 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ሱቅ ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ላይ ሰክቼ፣ የሁለተኛ ሠርግ ቪዲዮ ወደ ዲስኩ ኮፒ እያደረግሁ መብራት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኡቡንቱ ላይ ስሰካው ስሙን ያሳየኛል፤ ልክፈት ስል ግን ማውንት ማድረግ አልተቻለም ይላል። አንዳንዴ ጭራሽ አይታይም፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይልና ዝም ይላል። ዊንዶውሱ ደግሞ ፎርማት ካልተደረገ አይከፈትም አለኝ። የመጀመሪያው ሠርግ ዲስኩ ላይ ገብቶ ስላለቀ ከካሜራው ካርድ አጥፍቼዋለሁ። ሁለተኛው ሌላ ካርድ ላይ አለ። ሙሽሮቹ በየቀኑ ይደውላሉ። ፎርማት አድርጌ በሪከቨሪ ፕሮግራም ባወጣው ይሻላል ይላሉ?»

አይሻልም። ወንድሜ፣ ፎርማት የሚለውን ነገር ለጊዜው እርሳው። ይህን ስታነብ ዲስኩ ተሰክቶ ከሆነ ንቀለው፣ ከዚያ ቀጥል።

ከዲስኩ በፊት ግን ስለ ካርዱ ላውራ። አንተ እግረ መንገድህን ያነሳኸው ነገር ለእኔ ትልቁ ተስፋ ነው። ከካርድ ላይ ፋይል ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው መዝገቡ፣ ማለትም የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚናገረው ዝርዝር ነው፤ ቪዲዮው አዲስ ነገር እስኪቀረጽበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ያንን ካርድ ካሜራ ውስጥ አትክተተው። አንድ ፎቶ እንኳ አታንሳበት። ጎኑ ላይ ትንሽዬ መቆለፊያ ካለችው ቆልፋት። ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ኡቡንቱ ላይ ቴስትዲስክ የሚለውን ፓኬጅ ስትጭን አብሮ ይመጣል። ስሙ ፎቶ ይበል እንጂ ቪዲዮም ያወጣል። የፋይሎቹን ስም አይመልስልህም፣ ስለዚህ እየከፈትክ መለየት ይኖርብሃል። የሚያወጣውን ላፕቶፕህ ላይ አስቀምጥ እንጂ መልሰህ ካርዱ ላይ አታድርግ። ሌላ ሠርግ ካልቀረጽክበት የመጀመሪያውን ሠርግ ከዚያ የማግኘት ጥሩ ዕድል አለህ።

አሁን ወደ ዲስኩ። የነገርከኝ አንድ ሕመም ሳይሆን ሁለት ነው። «ማውንት አልተቻለም»፣ ማለትም ኡቡንቱ ዲስኩን ከፍቶ ፋይሎቹን ማሳየት አቃተው ማለት፣ የመዝገብ ችግር ነው። «ቀጭ ቀጭ ብሎ ይጠፋል» ደግሞ የኃይል ነው፣ አለዚያም የዕቃው የራሱ። ብዙ ሰው ድምፁን ችላ ብሎ መዝገቡን ሊጠግን ይነሳል። በደንብ የማይዞር ዲስክ ላይ ጥገና ማስኬድ ግን ትኩሳት የያዘውን ሰው የጅሬንን ዳገት እንደ ማስሮጥ ነው።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ውጭ አገር ያለች ልጃቸውን ፎቶዎች የያዘ ዲስክ አመጡልኝ። ልክ እንደ አንተው ያቃጭል ነበር። ቸኮልኩ። ሳልገለብጠው የጥገና ፕሮግራም ለቀቅሁበት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ዲስኩ ቆመ፤ ዳግመኛም አልተነሳ። ሴትየዋ ምንም አላሉኝም። ዲስኩን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወጡ። እስከ ዛሬ የሚያቃጭል ዲስክ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይሉኛል።

እንግዲህ ከኃይል እንጀምር። ያንተ ዓይነቱ ትንሹ ባለ 2.5 ኢንች ኤክስተርናል የራሱ አዳፕተር የለውም፤ የሚያስፈልገውን ኃይል ሁሉ የሚያገኘው ከዩኤስቢው ነው። ዩኤስቢ 2.0 በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ነው፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900። ዲስኩ ከቆመበት ተነስቶ ውስጡ ያለውን ሳህን፣ ፋይሉ የሚጻፍበትን፣ ማሽከርከር ሲጀምር ግን ለአፍታ ወደ 1 አምፒር ሊፈልግ ይችላል። ኬብሉ ቀጭን ወይም ረጅም ከሆነ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርዳል። ሳህኑ ሊዞር ይሞክራል፣ ኃይል ያንሰዋል፣ ሳህኑን የሚያነበው ጭንቅላት ወደ ማረፊያው ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ያ ነው ቀጭ ቀጩ። ጭንቅላቱ የተበላሸ ዲስክም እንዲሁ ይጮኻል፤ በጆሮ ብቻ መለየት ይከብዳል። ደግነቱ ኬብል መቀየር የሚያጠፋው ነገር የለም።

ኬብሉን ንቀልና ዲስኩ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ወደ ብርሃን አዙረህ እየው። ጠፍጣፋ ናት፤ አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ክፍል ጎን ለጎን አላት። የብረቱ ከንፈር ከፈት ብሏል? ስትሰካት ወዲያ ወዲህ ትላለች? እንግዲያውስ አልቆላታል። ኬብሉን ሳይነቅሉ ዲስኩን ቦርሳ ውስጥ ከትተው በባጃጅ ሲመላለሱ የሚጎዳው ይኸው ጫፍ ነው። አንዳንዴ ዲስኩ ላይ ያለው ማስገቢያም አብሮ ይላቀቃል፤ እሱ በብየዳ ይስተካከላል፣ ፋይልህንም አይነካም።

ግማሽ ሜትር ያልሞላ ሌላ ኬብል ተዋስ። ማራዘሚያም ሀብም በመሃል አታስገባ። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ አድርገህ በቀጥታ ሰካው። ዴስክቶፕ ላይ ከሆነ የፊቱን ፖርት ተወው፤ ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ሰካ። የጓደኛህ ሱቅ የፊቱ ላይ ሰክተህ እንደነበር እጠረጥራለሁ። ከዚያ መዳፍህን ዲስኩ ላይ በቀስታ አሳርፍ። ደህና ዲስክ ስስ የሆነ፣ የማይቆራረጥ ንዝረት አለው። ጀመር፣ ቆም፣ ጀመር፣ ቆም የሚል ከሆነ ንቀለው።

በሁለት ደህና ኬብልና በሁለት ማሽን ሞክረህ ድምፁ ካልቆመ፣ በቃ አቁም። ፍሪጅ ውስጥ አስገባው የሚልህን አትስማ። ክዳኑን ከፍተህ ልየው አትበል። ጭንቅላቱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚቆጠር ርቀት ነው፤ ዓይንህ የማያየው አቧራ ለእሱ ድንጋይ ነው። ያንን ሥራ የሚሠሩት ከአቧራ የጠራ ክፍልና መለዋወጫ ጭንቅላት ያላቸው ናቸው። እኔም ሱቄ ውስጥ አልከፍተውም።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልንገርህ። መብራት በድንገት ሲሄድ ዲስኩ እንዲሁ አይወድቅም። ሳህኑ በዞረበት ጉልበት ለአፍታ ራሱ ኃይል ያመነጭና ጭንቅላቱን ወደ ማረፊያው ይመልሳል። እንዲያ ሆኖ ነው የተሠራው። ስለዚህ መብራት በመሄዱ ብቻ ሳህኑ የመቧጨሩ ዕድል ጠባብ ነው። በግማሽ የሚቀረው መዝገቡ ነው።

ድምፁ ከቆመልህ ማሽኑ ራሱ ምን እንደሚል እንስማ። ኡቡንቱን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የሆነውን አይደብቅም። ተርሚናል ክፈት። ሱዶ ብለህ ክፍት ቦታ ተው፤ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ብለህ ደግሞ ክፍት ቦታ ተው፤ ከዚያ ሰረዝና ትንሿን ደብሊው ጻፍና ኢንተር በል። አሁን ዲስኩን ሰካው። መስመሮች እየተከታተሉ ይመጣሉ። የዲስኩ መጠንና እንደ ኤስዲቢ ያለ ስም መጥቶ ጸጥ ካለ ጥሩ ነው። «ሪሴት» ወይም «ዲስኮኔክት» እየደጋገመ ከመጣ አሁንም ኬብሉን ወይም ፖርቱን ጠርጥር። ሁለቱንም ቀይረህ ሪሴቱ ካልቆመ የዲስኩ ትንሽ ቦርድ ዩኤኤስ ከሚባለው ፈጣን የዩኤስቢ አሠራር ጋር አልተስማማም ይሆናል፤ ለዚያ ዲስክ ብቻ ማጥፋት ይቻላል፣ እዚያ ከደረስክ ጻፍልኝ። «አይ ኦ ኤረር» ከሴክተር (ሳህኑ ከተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች የአንዱ) ቁጥር ጋር ካየህ ዲስኩ የራሱን ሳህን ማንበብ እያቃተው ነው። «ቮልዩም ኢዝ ደርቲ» የሚል ካየህ ግን ደስ ይበልህ። መዝገቡ ሳይዘጋ ቀረ ማለት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

የዲስኩን ጤና ደግሞ ዲስክስ በሚባለው ፕሮግራም እይ። ከላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ ስማርት ዳታ የሚል አለ፤ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበው ነው። ደብዝዞ ካልተነካልህ ስማርትሞንቱልስ የሚባለውን ፓኬጅ ጫን፤ በዩኤስቢ በኩል ብዙ ዲስኮችን ያነባል። ከቁጥሮቹ ውስጥ እኔ ቀድሜ የማያቸው 5፣ 197 እና 199ን ነው። 5 የተበላሹና የተተኩ ሴክተሮች ናቸው። 197 ማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁ ናቸው፤ ከዜሮ በላይ ከሆነ ቶሎ በል። 199 ብቻውን ካሻቀበ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የግንኙነት ነው።

አሁን ዋናው። ስማርቱ ደህና ቢልህም ከመጠገንህ በፊት ገልብጠው። 2 ቴራ ዲስክ ከሰው ተዋስ፤ 1 ቴራው አይበቃም፣ የምታስቀምጠው ሙሉውን ዲስክ እንደ አንድ ፋይል ነው። የምትዋሰው በፋት32 ፎርማት የተደረገ እንዳይሆን፤ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ዲዲሬስኪው የሚባለውን ፕሮግራም ጫን። ፓኬጁን ስትፈልግ ከስሙ ፊት ጂ የሚለውን ፊደል ጨምርበት፣ ስታስነሳው ግን ያለ ጂው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል።

ዲዲሬስኪውን ከተራ ኮፒ የሚለየው ትዕግሥቱ ነው። ተራ ኮፒ የተበላሸ ቦታ ሲያገኝ እዚያው ይንገታገታል። ይሄኛው ዘሎ ያልፍና ደህና ደህናውን ቀድሞ ያወጣል፤ ወደ አስቸጋሪው ኋላ ይመለሳል። የደረሰበትን ማፕ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ጅማ ላይ ለሚሠራ ሰው የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው፤ በመሃል መብራት ቢሄድ ያንኑ ትእዛዝ ደግመህ ስትሰጠው ካቆመበት ይቀጥላል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የታመመው ዲስክ፣ ቀጥሎ የምታስቀምጥበት ፋይል፣ መጨረሻ ማፕ ፋይሉ። ኢንተር ከማለትህ በፊት የትኛው ኤስዲቢ፣ የትኛው ኤስዲሲ እንደሆነ በመጠናቸው አረጋግጥ። እባክህ፣ ሁለት ጊዜ እይ። ቦታ ካቀያየርካቸው ባዶው ሙሉውን ይደመስሰዋል። በሰከንድ 100 ሜጋባይት ከሄደልህ 3 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሴክተሮቹ ከተጎዱ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ተወው ይሥራ።

ከዚያ በኋላ መዝገቡን መጠገን ቀላሉ ክፍል ነው። ዊንዶውስም ላይ የምትሠራበት ዲስክ ስለሆነ ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ይመስለኛል። ኤንቲኤፍኤስ ላይ በመሃል ኃይል ሲቋረጥ «አልተዘጋሁም» የሚል ምልክት ይቀራል። በ2021 የኡቡንቱ እምብርት በሆነው ከርነል፣ 5.15 ላይ የገባው ኤንቲኤፍኤስ3 የሚባለው ድራይቨር ይህን ምልክት ሲያይ አልከፍትም ይላል። እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ ያልተስተካከለ መዝገብ ላይ ቢጽፍ ፋይልህን ሊያበላሽብህ ስለሚችል ነው። በፎርስ አታስገድደው። መጀመሪያ ኮፒውን በሪድ ኦንሊ፣ ለማንበብ ብቻ፣ ክፈተው። ቪዲዮዎቹ ከታዩህ አውጣቸውና ሥራህ አለቀ።

ካልታዩህ ዲስኩን ዊንዶውስ ላይ ሰክተህ፣ ፎርማት ሲልህ ካንስል ብለህ፣ ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ መጠገኛ በኤፍ፣ ማለትም ጠግን በሚለው ምርጫ፣ አስኬድበት። ኡቡንቱ ላይ ያለው ኤንቲኤፍኤስፊክስ ቀላል ነገር ብቻ ነው የሚነካው፤ የቼክዲስክን ቦታ አይተካም። ዊንዶውስ ዲስኩን ሮው ነው፣ ማለትም ፎርማቱን አላወቅሁትም፣ ካለህ ቼክዲስክም እምቢ ይላል። ያኔ ቴስትዲስክን ኮፒው ላይ ተጠቀም። ኤንቲኤፍኤስ የመጀመሪያውን ሴክተር ቅጂ በክፍሉ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ቴስትዲስክ ከዚያ ሊመልሰው ይችላል። በእርግጥ ያ የፎርማት ጥያቄ ራሱ ከኃይል ማነስ የመጣ ሊሆን ይችላል። በአዲሱ ኬብል ጭራሽ ላይጠይቅህም ይችላል።

ለሚቀጥለው ሠርግ ሁለት ነገር። የኮፒው መስመር ሞልቶ ስላየህ ብቻ አትንቀል፤ የመጨረሻው ክፍል ገና ራም ላይ ሊሆን ይችላል። ኢጀክት በልና «አሁን መንቀል ትችላለህ» እስኪልህ ጠብቅ። ሁለተኛ፣ ቪዲዮው ሁለት ቦታ ሳይቀመጥ ካርዱን አታጥፋ።

ኬብል ቀይረህ ካልሆነልህ ፈረንጅ አራዳ ሱቄ ድረስ ና። ዝናብ ከያዘህ ዲስኩን በፕላስቲክ ጠቅልለው፤ እርጥበቱ እስኪወጣለት ሳልሰካው ትንሽ አቆየዋለሁ። ካርዱንና አሮጌውን ኬብልም አትርሳ። ኬብሉን ቀድሜ ማየት እፈልጋለሁ።