በዝገት የሚሠራ ቡናማ ቀለም ወጥ ሆኖ እንዲወጣ

ጠያቂያችን በአፈሙዙ በኩል ባሩድ የሚጎርስ ጠመንጃ ቱቦ በቆየው የዝገት ዘዴ ቡናማ ለማድረግ ሞክረው አሲድ ያለበትን የማዝገቢያ ፈሳሽ ሁለት ጊዜ ቀብተዋል፤ በየመሐሉም በፈላ ውሃ አጥበዋል። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ቦታ ጠቁሮ፣ አንዳንዱ ግራጫ እንደሆነ ቀርቶ፣ መዳብ የመሰለ ጭረትም ስለታየ ጠንከር ያለ ፈሳሽ ቢገዙ ወይም እንደ አዲስ ቢጀምሩ ይሻል እንደሆነ ይጠይቃሉ። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት እንደቆየ ሰው የምመልሰው ፈሳሹ ይበቃዎታል፣ መለወጥ ያለበት አቀባቡና አያያዙ ነው ብዬ ነው።

ይህ ቡናማ መልክ ከላይ የሚለበጥ ቀለም ሳይሆን በልክ እንዲያድግ የተደረገ ዝገት ነው። ፈሳሹ ዝገቱን ያስጀምረዋል፤ የሚያሳድገው ግን በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። በመሆኑም ፈሳሹን ማብዛት ሥራውን አያፋጥነውም፤ እንዲያውም በተጠራቀመበት ቦታ ብረቱን በልቶ ጥቃቅን ጉድጓዶች ያወጣል። ጨርቁን ጠብ የሚል ነገር እስከማይኖረው ድረስ ጨምቀው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ አቅጣጫ ያሳልፉት፤ ያለፉበትንም ቦታ ተመልሰው አይንኩት። በትክክል የተቀባ ብረት ትንፋሽ እንዳረፈበት መስታወት ደብዘዝ ብሎ ወዲያው ይደርቃል። መዳብ የመሰለው ጭረት የመጣውም ከዚሁ ነው፤ ብዙዎቹ ፈሳሾች የመዳብ ሰልፌት ስላለባቸው አንድን ቦታ ደጋግመው ሲያሹት መዳቡ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ይህ ጉዳት አይደለም፤ በቀጣዮቹ ዙሮች እየተጠረገ ይጠፋል።

ጥቁሩን ያመጣው የፈላው ውሃ ነው። ቀዩ ዝገት በፈላ ውሃ ውስጥ ሲቀቀል ወደ ጥቁሩ የብረት ኦክሳይድ፣ ማለትም ወደ ማግኔታይት ይለወጣል፤ ጠመንጃን በዝገት የሚያጠቁሩ ባለሙያዎች ሆን ብለው የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ቡናማ ከፈለጉ ግን ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የፈላ ውሃ ወደ ብረቱ መቅረብ የለበትም።

ከቀቡ በኋላ ቱቦውን ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ያንጠልጥሉትና ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ያስቀምጡ። የአየሩ እርጥበት ከ70 እስከ 80 በመቶ፣ ሙቀቱም ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቢሆን መልካም ነው፤ ብረቱ ላይ የውሃ ጠብታ ከታየ ግን እርጥበቱ በዝቷልና ክዳኑን ገርበብ ያድርጉት፤ እያንዳንዱ ጠብታ ነጥብ ጥሎ ያልፋል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብረቱን ደቃቅና ብርቱካናማ ዱቄት እኩል ሲሸፍነው ያውጡት። ዝገቱ ቅርፊት እስኪሠራ ከቆየ የብረቱ ገጽ ይሻክራል።

ዱቄቱን የሚያነሡት ሽቦው ቀጭን በሆነ ለስላሳ ብሩሽ ወይም በአሴቶን ታጥቦ ዘይቱ በወጣለት የብረት ሱፍ ነው። የላላው ብቻ ይነሣ እንጂ ብረቱ እንዲያበራ አይሹት። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ብረቱ ዥጉርጉር ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነውና ግራጫው አያሳስብዎት። ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ዙር ጀምሮ ክፍተቱ እየሞላ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥር ዙር ያስፈልጋል።

ግራጫው ከዚያ በኋላም ካልያዘ ጥፋቱ ከዝግጅቱ ነው። ብረቱን ቁጥሩ ከ220 እስከ 320 በሆነ ብርጭቆ ወረቀት በቁመቱ መፈተግ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ካለሰለሱት ፈሳሹ አይዝም። ቅባቱን በአሴቶን ካስለቀቁ በኋላ በባዶ እጅ አይንኩት፤ የጣት አሻራ ያረፈበት ቦታ ፈሳሹን ይገፋል። የቱቦውን ውስጥ ቀባ አድርገው ሁለቱንም ጫፍ በእንጨት ውታፍ ይድፈኑ፤ የመተኮሻዋን ቀዳዳም አይርሱ። ቅባቱ ወደ ውጭ ከፈሰሰ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀለሙ ሲበቃ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውሃ አጥበው አሲዱን ያርክሱ፤ ካልረከሰ ዝገቱ ከዘይቱ ሥር ይቀጥላል። አድርቀው የተልባ ዘይት ወይም ሰም ይቀቡት፤ በማግስቱ አይተው ብርቱካናማ ነገር ብቅ ካለ ጠርገው ይድገሙት። እውነተኛው መልክ የሚታየው ዘይት ከጠጣ በኋላ ስለሆነ ከዚያ በፊት ደመቀ ወይም ፈዘዘ ብለው አይፍረዱ።

አጥብቄ የምለምንዎት ሁለት ነገር አለ። በድሮ መጻሕፍት ያሉ ቅመሞች ብዙዎቹ የሜርኩሪ ክሎራይድ አለባቸው፤ ይህ ብርቱ መርዝ ነውና ቤት ውስጥ አይቀምሙት። ጠመንጃው ከጥንት ከነቀለሙ የተረፈ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይንኩት፤ ያ ገጽ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

እንደ አዲስ ስለመጀመር የጠየቁትን በተመለከተ፣ ጥፍርዎን በጥቁሩ ቦታ ላይ ሲያሳልፉ ጉድጓድ ካልተሰማዎት መጀመር አያስፈልግም፤ ጠቅላላውን በ320 ቁጥር ወረቀት አለስልሰው፣ ቅባቱን አስለቅቀው ሦስተኛውን ዙር ይቀጥሉ።