ለፀደይ ከመግዛታችን በፊት፦ የአበባ ጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ። የጻፉልኝ ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አበባ ተክለው፣ ገሚሱ አምሮላቸው ገሚሱ የከሸፈባቸው ሰዎች ናቸው። አሁን ብርዱ ሳይወጣ ዘር መግዛት አምሯቸዋል። አይፈረድባቸውም፤ ፓኬቱ ላይ ያለው ፎቶ ያጓጓል። እኔ ግን ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ መደቡ አምና ያሳየውን ነገር እንይ ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ከአንድ ፓኬት የበቀሉ የማሪጎልድ ችግኞችን ሁለት ቦታ ተከልኩ። መሃል ላይ ያሉት አበባ በአበባ ሆኑ። አጥሩ ሥር ያሉት ግን ቁመት ብቻ! ማዳበሪያ ልጨምርላቸው?

መልስ፦ ኧረ አትጨምሪ። የጎደላቸው ፀሐይ ነው። እንደ ማሪጎልድ ያለ ፀሐይ ወዳድ አበባ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ሊያርፍበት ይገባል። ያን ካላገኘ ብርሃን ፍለጋ ይሳባል። ግንዱ ይረዝማል፣ ይሳሳል፣ እምቡጥ ለማውጣት አቅም ያጥረዋል። እላዩ ላይ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ብትጨምሪበት የሚበዛው ቅጠሉ ነው።

ይልቅ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ በየሁለት ሰዓቱ ብቅ እያልሽ ጥላው የት እንደደረሰ ወረቀት ላይ አስምሪ። ማታ ላይ ወረቀቱ የሕፃን ሥዕል ይመስላል፤ ግድ የለም። ጥላ ያልነካው ቦታ ለማሪጎልድ፣ ለዚኒያና ለሱፍ አበባ ይሁን። ጥላ የሚመላለስበትን ለቤጎኒያና ለኢምፔሸንስ ተይላቸው።

ታዲያ ጠንቀቅ በይ። በብርዱ ወራት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ የአጥሩ ጥላ ይረዝማል። ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ ሥር ደግሞ አሁን ብርሃን ይሞላና ዛፉ ሲለብስ ይጨልማል። ስለዚህ ዛፎቹ ቅጠል ካወጡ በኋላ ሥዕሉን ድገሚው። እንዲህ ያለው የዛፍ ሥር ግን ለዳፎዲል ይመቻል፤ ዛፉ ለብሶ ሳይጨርስ ዳፎዲል አብቦ ስለሚገላገል።

ጥያቄ፦ መስኮት ላይ ያበቀልኳቸው ችግኞች ቀጥነው ቀጥነው በመጨረሻ ተኙ። ዘሩ የሞተ ይሆን?

መልስ፦ የበቀለ ዘርማ ምን አጠፋ! ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ግንዱን አይተህ ለይ። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሟሽሾ፣ ጠቆር ብሎ ከወደቀ ፈንገስ ነው። የወደቀው አይድንም። መነሻው የውሃ ብዛትና የአየር እጥረት ነው። ለወደፊቱ ማብቀያውን በሳሙና እጠብ፣ አዲስ አፈር ተጠቀም፣ የአፈሩ ፊት ደረቅ ሳይል አታጠጣ። ዘሩ ብቅ እንዳለም የሸፈንክበትን ላስቲክ አንሳው።

ግንዱ ጤነኛ ሆኖ ከሳሳ ግን ጉዳዩ የብርሃን ነው። የመስኮት ብርሃን ከአንድ ወገን ይመጣል፤ በዚያ ላይ ለችግኝ ብዙ ጊዜ አይበቃም። መብራት ካለህ ከችግኙ በላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር አድርገህ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት አብራለት። ኤልኢዲ ይበቃል። ችግኙ ባደገ ቁጥር መብራቱን ከፍ አድርገው።

ሌላው ነገር ችኮላ ነው። ብዙ ጀማሪ ሁሉንም ዘር በአንድ ቅዳሜ ዘርቶ ያርፋል። የሚቆጠረው ግን በአካባቢህ የብርዱ ወራት የመጨረሻ ውርጭ ከሚጥልበት ቀን ወደኋላ ነው። ፔቱኒያ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ቀድሞ ይዘራል። ማሪጎልድ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይበቃዋል። ለዚኒያ 4 ሳምንት ብዙ ነው፤ እንዲያውም አፈሩ ከሞቀ በኋላ እዚያው መደቡ ላይ ቢዘራ ደስ ይለዋል። ቤት ውስጥ ያረጀ ችግኝ ውጭ ሲወጣ ያኮርፋል።

ሲወጣም በአንድ ቀን አይሁን። መጀመሪያ ቀን አንድ ሁለት ሰዓት ጥላ ውስጥ፣ ቀጥሎ ትንሽ የጠዋት ፀሐይ፣ እያለ ከ7 እስከ 10 ቀን ይለማመድ። ሳይለማመድ ፀሐይ ላይ የዋለ ችግኝ ቅጠሉ ነጣ ብሎ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ የፔቱኒያ ዘር ጥሩ አድርጌ አፈር አለበስኩት፤ አንድም አልበቀለም። ለምን?

መልስ፦ ጥሩ አድርገሽ ስላለበስሽው! እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር ነው፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። እርጥብ አፈር ላይ በትኚው፣ በጣትሽ ጫን ጫን አድርጊውና ተይው። ውሃውንም በመርጫ አርከፍክፊለት፤ ካፈሰስሽበት ጠርጎ አንድ ጥግ ይከምረዋል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ በፀደይ መጀመሪያ ቱሊፕ ገዝተውልኝ በማግስቱ ተከልኩት። ቅጠል አወጣና ቀረ። ዕድሜዬን ሙሉ ሽንኩርት ተክያለሁ፤ ይኼ እንዴት አቃተኝ?

መልስ፦ እርስዎ ምንም አላጠፉም። የቱሊፕ ራስ፣ ያ ሽንኩርት የሚመስለው፣ መሬት ውስጥ ሆኖ ብርድ ካልጠገበ ደህና አያብብም። ከ12 እስከ 16 ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ የሚተከለው ብርዱ ከመግባቱ በፊት ነው፤ የራሱን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ጠልቆ፣ ሾጣጣው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ። ብርዱ የማይበቃበት አገር የሚኖር ሰው ፍሪጅ ውስጥ ያቆየዋል። ታዲያ ከፖም ጋር እንዳያስቀምጡት። ፖም ሲበስል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በቱሊፑ ራስ ውስጥ ያለውን ለጋ እምቡጥ ይገድለዋል። ከውጭ ሲያዩት ራሱ ደህና ይመስላል፤ ሲተከል ግን ቅጠል ብቻ።

አሁን የወጣውን ቅጠል አይቁረጡት። ቢጫ ሆኖ እስኪተኛ ይታገሡት፤ ለከርሞ የሚሆነውን ስንቅ የሚያዘጋጀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ፒዮኒ ተክዬ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ቅጠሉ ለምለም ነው፤ አበባ ግን የለም።

መልስ፦ ሥሩ ላይ ያሉት ቀያይ ቡቃያዎች ምን ያህል ጠልቀዋል? ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ከተቀበሩ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጡም። ብርዱ ሊገባ ሲል አውጥታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉት። ጥልቀቱ ልክ ከሆነ ደግሞ ፀሐዩን ተመልከቱ። ያም ካለ መታገሥ ነው፤ ፒዮኒ ሦስት አራት ዓመት ማስጠበቁ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ አሥራ አምስት ዓይነት አበባ መርጫለሁ። መደቤ የአንድ አልጋ ያህል ነው። ይበዛ ይሆን?

መልስ፦ ይበዛል እንጂ! ለእንደዚያ ያለ መደብ ሦስት ወይም አራት ዓይነት ይበቃል። አንድ ዓይነቱን አምስት ስድስት እያደረግሽ አጠጋግተሽ ብትተክዪ ከሩቅ ይታያል፤ አንድ አንድ የተበተነ ግን ዝብርቅርቅ ይላል። ይኼ የኔ ዓይን ነው፤ ዝብርቅርቁን የሚወዱም አሉ።

ርቀቱ ላይ ግን አልደራደርም። ችግኝ ሲተከል መደቡ ባዶ ይመስልና እጅ ይበላል። ዚኒያ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይፈልጋል። ከተጨናነቀ አየር አያገኝም፤ ቅጠሉም ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ይወጣበታል። ኮስሞስ ደግሞ ከ1 ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል፤ ከኋላ ይሁን። 30 ሴንቲሜትር ገደማ ሲደርስ ጫፉን ቀንጥሺው፤ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ በነፋስም ቶሎ አይወድቅም። ያበቁ አበቦቹን እየለቀምሽ ከጣልሽለት ዘር ወደማፍራት አይሄድም፤ ማበቡን ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ፍግ ስንት ጊዜ ልጨምር?

መልስ፦ በደንብ የበሰበሰ ከሆነ በፀደይ መጀመሪያ 5 ሴንቲሜትር ያህል አልብሰው፤ ለአብዛኛው አበባ ይበቃል። ትኩሱን አትጠጋው፤ ሥር ያቃጥላል። ናስተርሺየምና ኮስሞስን ግን እርሳቸው። እነሱ ድሃ አፈር ላይ ነው የሚያምርባቸው።

ጥያቄ፦ መሬቱን መቼ ልቆፍር? እጄ ሥራ ፈትቷል።

መልስ፦ አንድ እፍኝ አፈር አንሣና ጨብጠው። ከዚያ በአውራ ጣትህ ነካ አድርገው። ከተፈረፈረ ጀምር። እንደ ተድቦለቦለ ከቀረ ወይም በጣቶችህ መሃል ውሃ ከወጣ ገና ነው። እርጥብ አፈር ላይ መቆፈር ቀርቶ መርገጡ ራሱ ይጠቀጥቀዋል፤ ሲደርቅም ጓል ይሆናል። ሳምንት ቆይተህ ደግመህ ጨብጥ። እስከዚያው መቁረጫህን ሳል።