ለባለቤትሽ 40ኛ ልደት የናስካር መኪና? እኔ ነድቼዋለሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አነበብኩት። ባለቤትሽ በሚቀጥለው ወር 40 ዓመት ሊሞላው ነው። ኖርዝ ካሮላይና፣ ሻርለት ላይ የናስካር፣ ማለትም የአሜሪካኖቹ ዝነኛ የመኪና ውድድር፣ መኪና የሚያስነዳ ትምህርት ቤት አግኝተሽ ልትከፍዪለት አስበሻል። ያስፈራል ወይ፣ ገንዘቡስ ያወጣል ወይ፣ አውቶማቲክ ብቻ ለለመደ ሰው ይሆናል ወይ ብለሻል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሐበሻ እዚያ ቦታ ባይተዋር አይሆንም?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አምና መስከረም ላይ ከአትላንታ ሄጄ ነድቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ግዢለት። ግን ሁለት ነገር አደራ። የሚሸጡት በውድድር ሜዳው ዙር ቆጥረው ነው፤ ከስምንት ዙር ያነሰውን አትግዢ። ከመሄዱ በፊት ደግሞ ማኑዋል መኪና ይለማመድ።

መጀመሪያ መኪናው። የናስካር መኪና «ስቶክ ካር» ይባላል። ስሙ የመጣው በ1949 ናስካር ዋናውን ውድድር ሲጀምር የሚወዳደሩት ሰው ሁሉ የሚገዛቸው ተራ መኪኖች ስለነበሩ ነው። የዛሬው ግን መልኩ ብቻ ነው መኪና። ከውስጥ የብረት ቱቦ አጥንት ነው። የፊት መብራቱ እንኳ የተለጠፈ ሥዕል ነው። የሚከፈት በር የለውም፤ በመስኮት ነው የሚገባው። እግርሽን ታስቀድሚያለሽ፣ ጣሪያውን ይዘሽ ትንሸራተቻለሽ። ለመግቢያ እንዲመች መሪው ተነቅሎ ይጠብቅሻል፤ ከተቀመጥሽ በኋላ ቀጭ ብሎ ይገጠማል። ቀበቶውን ሌላ ሰው ነው የሚያስርልሽ፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ በጭን መሃል። ከዚያ መስኮቱን በመረብ ይዘጉታል። እኔ የፈራሁት እዚህ ላይ ነው። ገና ሞተሩ ሳይነሳ።

የፍጥነት መለኪያ የለም። ፊት ለፊትሽ ያለው ትልቁ ሰዓት ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ብቻ ነው የሚነግርሽ። ይሄ መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ በኋላ ግን ጥሩ ነው። ሰው ቁጥር ማሳደድ ይተውና መንገዱን ማየት ይጀምራል።

አሁን ወደ ማኑዋሉ። ማርሹ አራት ነው፤ ፍሪሲዮኑ ከባድ ነው። መኪናው የሚያስቸግረው ሲነሳ ብቻ ነው። አራተኛ ከገባ በኋላ እስክትጨርሺ ማርሽ አትነኪም። እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት አዲስ አበባ ነው፤ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ይዞ መነሳት ያልቻለ በሚወድቅበት ዘመን። ያ ልምምድ ከሃያ ዓመት በኋላ ኖርዝ ካሮላይና ላይ ጠቀመኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ አራት ጊዜ አጠፋው። አራት ጊዜ! ሰው ሁሉ እያየው። መሳቀቁ ዙሩን በሙሉ አብሮት ሄደ፤ ሲወርድ ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። ባለቤትሽን ከዚህ አድኚው። ሁለት ቅዳሜ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ መለማመድ ይበቃል።

ቦታው ሻርለት ሞተር ስፒድዌይ ይባላል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮንኮርድ ነው። በ1960 የተከፈተ ነው። አንድ ዙሩ 2.4 ኪሎ ሜትር፣ መታጠፊያዎቹ ደግሞ 24 ዲግሪ ያዘመሙ ናቸው። ወረቀት ላይ 24 ምንም አይመስልም። ከመንዳታችን በፊት በቫን አንድ ዙር አዞሩን። ቫኑ በዝግታ ሲሄድ ወደ ግራ የምንገለበጥ መስሎኝ የፊት ወንበሩን ጨምድጄ ያዝኩ። የሚገርመው በውድድር መኪናው በፍጥነት ስትገቢ ዝንባሌው ይጠፋል። ፍጥነቱ ወደ ውጭ ይገፋሻል፣ ያዘመመው አስፋልት ይቀበልሽና ወደ መቀመጫው ይጭንሻል። ሰውነትሽ ከባድ ይሆናል፤ መኪናው ግን ይረጋጋል። ዝግ ስትዪ ያስፈራል፣ ስትፈጥኚ ይይዝሻል። ይህን ጭንቅላት ቶሎ አያምነውም። ለዚህ ነው ዙር አታሳንሺ ያልኩሽ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ከፍርሃት ጋር መተዋወቂያ ናቸው። ሦስት ዙር ብቻ የገዛ ሰው ልክ ሲገባው ይወርዳል።

እኛ የነዳነው አሰልጣኙን እየተከተልን ነበር። እሱ ከፊት በራሱ መኪና ይሄዳል፤ አንቺ አምስት መኪና ያህል ርቀት ጠብቀሽ እሱ በረገጠበት ትረግጫለሽ። እሱ በስፖኪዮ ያይሻል። ርቀቱን ሳታዛንፊ ከያዝሽ ይጨምራል። ወደ ኋላ ከቀረሽ ወይም ወዲያ ወዲህ ካልሽ ይቀንሳል። ፍጥነቱን የሚወስነው የነጂው መረጋጋት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይሄድና «መኪናው ተቆልፎብኝ ነው፣ አልፈጠነም» እያለ ይመለሳል።

ሦስተኛው ዙር ላይ ያጠፋሁትን ልንገርሽ። ሦስተኛው መታጠፊያ ስገባ ዓይኔ ግንቡ ላይ ቀረ። ግንቡ ወደ እኔ የመጣ መሰለኝ። እግሬን ከቤንዚን መስጫው ድንገት አነሳሁ። ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ሄደ፣ የኋላ ጎማዎቹ ቀለል አሉ፣ ጭራው ወደ ውጭ ተወዛወዘ። አንድ ሰከንድ አይሞላም፤ ግን አፌ ደረቀ። አሰልጣኙ ወዲያው ቀነሰ። የሚቀጥለውን ዙር በሙሉ በዝግታ ወሰደኝ። ጠዋት ክፍል ውስጥ የነገረን ነገር ያኔ ትዝ አለኝ፤ ግንቡን አትዩ፣ ልትደርሱበት የምትፈልጉትን ቦታ እዩ። አባይ በረሃን የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ገደሉን እያየ የሚነዳ ሾፌር የለም፤ ዓይኑ ከመታጠፊያው ማዶ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይኔን አርቄ ጣልኩ። እግሬንም እንደ እንቁላል ማንሳትና ማስቀመጥ ጀመርኩ። በሰባተኛውና በስምንተኛው ዙር ሞተሩ ሲጮህ አይሰማኝም ነበር። ዝም ያለ ነገር ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ስወርድ የሰጡኝ ወረቀት ላይ ምርጡ ዙሬ በአማካይ በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር ይላል፤ አንዱን ዙር በ39 ሰከንድ ማለት ነው። ባለሙያዎቹ እዚያው ትራክ ላይ በማጣሪያ ወደ 300 ይጠጋሉ። እኔ በ222 እንደዚያ ከሆንኩ እነሱ ምን እንደሚሰማቸው ማሰብ አልችልም። ከዚያ ቀን ወዲህ ውድድር የማየው በሌላ ዓይን ነው።

አደጋውን በተመለከተ አልዋሽሽም፤ ዜሮ አይደለም። በ2015 ፍሎሪዳ ውስጥ እንዲህ ባለ የመንዳት ፕሮግራም ላይ አንድ ላምቦርጊኒ ተጋጭቶ ከነጂው ጎን የነበረው አሰልጣኝ ሕይወቱ አልፏል። ፈርሚ የሚሉሽን ወረቀት ሁለታችሁም አንብቡት። በሌላ በኩል የሚያስሩልሽ ዕቃ ሁሉ በደም የተማሩት ነው። ሄልሜቱን ከትከሻ ጋር የሚያያይዝ ሀንስ የሚባል የአንገት መከላከያ አለ። ዝነኛው የናስካር ሾፌር ዴል ኧርንሃርት በፌብሩዋሪ 2001 ፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ላይ በመጨረሻው ዙር ግንብ ገጭቶ ሞተ፤ የራስ ቅሉ ሥር ተሰብሮ ነበር። በዚያው ዓመት ናስካር የአንገት መከላከያ ግዴታ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በዋናው ውድድር የሞተ ሾፌር የለም። ባለቤትሽ እንዲያደርግ ሲሰጡት አንገቴን ጨመደደኝ ብሎ እንዳያላላው።

ሐበሻ ባይተዋር ይሆናል ወይ ላልሽው፣ ከሃያ ሰው ጥቁር እኔና አንድ ወጣት ብቻ ነበርን። ግን ማንም ክፉ ፊት አላሳየኝም። እዚያ የምትለኪው መኪናውን እንዴት እንደያዝሽ ነው። ታሪኩ ግን ሁልጊዜ እንደዚህ አልነበረም። ዌንዴል ስኮት በ1963 ጃክሰንቪል ላይ በናስካር ዋና ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ያን ዕለት ግን ድሉ ለሌላ ነጭ ሾፌር ተሰጠ፤ የታረመው ሕዝቡ ከሄደ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ዋንጫውን ያገኘው በ2021 ነው። በዚያው ዓመት ባባ ዋላስ የሚባል ሾፌር አላባማ፣ ታላዴጋ ላይ አሸነፈ፤ ከስኮት ቀጥሎ ሁለተኛው ጥቁር አሸናፊ መሆኑ ነው። ሻርለት መሃል ከተማ የናስካር ሙዚየም አለ፣ ስኮትም በ2015 ከታላላቆቹ ጋር ስሙ ገብቷል። አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱና ልጆቹን ውሰዱ። እኔ ሳላየው በመሄዴ ቆጭቶኛል።

ሌላው ጥቃቅን ነገር ነው፣ ግን ያናድዳል። ዝናብ ካለ አይነዳም፤ ጎማው ጥርስ የለውም። የመጀመሪያው ቀጠሮዬ በዝናብ ተሰርዟል፤ የነገሩኝ አራት ሰዓት ነድቼ በር ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው። ጠዋት ሳትነሱ ደውሉ። ከዋጋው ላይ ለጉዳት መድን፣ ለቪዲዮ፣ ለፎቶ እያሉ ይጨምሩበታል። መድኑን ግዢ፤ ቪዲዮውን እንደ አቅም። ጫማው ሶሉ ስስ ይሁን፤ በወፍራም ስኒከር ፔዳሉ አይታወቅም። ወለሉ በጣም ይሞቃል፣ ካልሲ ያድርግ። ግዙፍ ሰው ከሆነ በመስኮቱ መግባት መቻሉን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ማኑዋል መኪና ከቸገራችሁ የእኔ አሮጌ ኮሮላ ማኑዋል ነች። አትላንታ አጠገብ ዲኬተር አካባቢ ከሆናችሁ ቅዳሜ ከሰዓት እኔው አለማምደዋለሁ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ልደቱ እስኪደርስ እንዳያውቅ ከፈለግሽ ደግሞ ሰበብ አብረን እንፈልጋለን።