ካርዳን ላይ ሴንሰር የለም

ደብዳቤህን ለአንባቢ ላሳጥረው። አውቶ ሜካኒክስ ተምረህ ልትጨርስ ነው። የምትለማመደው ፎር ዊል መኪኖች የሚጠገኑበት ጋራዥ ውስጥ ነው። ሁሌ የሚደርስህ ከሥር ያለው ሥራ ነው፤ ካርዳን (ከካምቢዮ ወደ ጎማዎቹ ኃይል የሚወስደውን ረጅም ዘንግ) መፍታት፣ ክሮቸራ (በዘንጉ ጫፎች ያለውን መታጠፊያ) መቀየር፣ ግራሶ መሙላት። ጓደኞችህ ኮምፒውተር ሰክተው መኪና ሲመረምሩ አንተ ጭቃ ላይ ተኝተሃል። ስለዚህ ተበድረህ ስካነር ልትገዛ አስበሃል። አባትህ ደግሞ ይህን ሁሉ ትተህ ማኔጅመንት ተማር ይሉሃል። ኤሌክትሪክ መኪና ሙያውን ያጠፋዋል ወይ ብለህም ጠይቀሃል።

እኔን የያዘኝ ግን በመሃል እንደ ዋዛ ያነሳኸው ነገር ነው። ከፍ እንዲል የተደረገ መኪና መጣ። 80 ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። ክሮቸራ ቀየራችሁለት፤ ተመለሰ። ደገማችሁት፤ አሁንም ተመለሰ። አለቃህ "ይልመደው" አሉ። አንተ ደግሞ "ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም" ብለህ ደመደምክ።

ቆይ እስቲ። ያ መኪና ተመርምሯል? እንደጻፍክልኝ ከሆነ አልተመረመረም። ዕቃ ነው የተቀየረለት። ስካነር ቢኖርህም ብዙ አይረዳህም ነበር። ስካነር የሚያነበው ሴንሰር ያለበትን ነው፤ ካርዳን ላይ ሴንሰር የለም። እዚህ ያሉህ መሣሪያዎች ጆሮህ፣ እጅህና ጥያቄህ ናቸው።

ከጥያቄው ጀምር። መንቀጥቀጡ የመጣው መኪናው ከፍ ከተደረገ በኋላ ነው ወይስ እናንተ ከፈታችሁት በኋላ? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይሄ ነው፤ በደብዳቤህ ውስጥ ግን መልሱ የለም።

ከዚያ ንዳው። ቀጥ ባለና ባዶ በሆነ መንገድ 80 ሲደርስ ጋዙን ልቀቅና ኒውትራል አድርገው። መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ሞተሩን ተወው፤ ችግሩ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ነው። ጎማ ነው ካርዳን? ካርዳን ጎማው አንዴ ሲዞር፣ እንደ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) የጥርስ ሬሾ፣ ሦስት አራት ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ የካርዳን ንዝረት ደቀቅና ፈጠን ያለ ነው። የጎማው ቀስ ብሎ ያወዛውዛል።

ሥር ከመግባትህ በፊት ጎማዎቹን በታኮ ያዝ። እንደ ድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደር ባሉ መኪኖች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ካርዳኑን ነው። የኋላውን ካርዳን ስትፈታ ፍሬኑም አብሮ ይሄዳል።

ሥር ገብተህ የክሮቸራውን ቆቦች ተመልከት። ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ ውስጡ ደርቋል። ካርዳኑን በእጅህ ጠምዝዘህ ሞክር፤ ክፍተት ካለ ይሰማሃል። ዘንጉ ተሰርጉዶ እንደሆነ፣ የሚዛን ክብደቱ ወድቆ እንደሆነ፣ የደረቀ ጭቃ ተለጥፎበት እንደሆነ እይ። ሁሉም ደህና ነው? እንግዲያው ሁለት ተጠርጣሪ ቀረህ።

አንደኛው አንግል ነው። ክሮቸራ አንግል ይዞ ሲዞር የሚያስተላልፈው ፍጥነት እኩል አይደለም፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቸራ እኩል አንግል ካለው ይህን ያካክሰዋል። መኪናውን ከፍ ሲያደርጉት እኩልነቱ ይፈርሳል። ያን ጊዜ አሥር አዲስ ክሮቸራ ብትከትም ያው ነው። አንግሉን በሁለቱም ጫፍ ለካ፤ ርካሽ የአንግል መለኪያ ይበቃል። ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ከበለጠ መስተካከል ያለበት የዲፈረንሻሉ አቀማመጥ ነው።

ሁለተኛው ምናልባት የእናንተው ሥራ ነው። ካርዳኑን የሚያስረዝመውንና የሚያሳጥረውን ተንሸራታች ጥርስ ስትለያዩት ምልክት አድርጋችሁ ነበር? አንድ ጥርስ እንኳ ዞሮ ከገባ የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች ትይዩ አይሆኑም፣ መኪናውም ይንቀጠቀጣል። አንድ የቀለም ጭረት ይህን ሁሉ ታድን ነበር።

የናቅከው ግራሶም ቢሆን ምርመራ ነው። ፓምፑን ስትጫን አሮጌው ግራሶ በአራቱም ቆቦች መውጣት አለበት። በሦስቱ ወጥቶ በአንዱ እንቢ ካለ የሚቀጥለው ብልሽት የት እንደሆነ ከወዲሁ አወቅክ። ውሃ የተሻገረ መኪና ደግሞ ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠበቅም፤ ግራሶው ይታደሳል።

ይህን ሁሉ ያስረዘምኩት ያለምክንያት አይደለም። እኔ ከጋራዥ ወጥቼ ብዙ የሠራሁት የመስክ መኪኖችን ጥገና በሚመራ ክፍል ነው። ሰው ስንቀጥር ከምስክር ወረቀቱ ቀጥሎ የምንጠይቀው "ይህ መኪና ይንቀጠቀጣል፤ ከየት ትጀምራለህ?" የሚል ነበር። "ክሮቸራ እቀይራለሁ" ያለውን አመስግነን እንሸኘው ነበር። አንተ ደብተር ያዝ። መኪናው ምን አለ፣ ምን ሞከርክ፣ ምን አገኘህ፣ ከተጠገነ በኋላ ምን ሆነ። ሥራ ስትፈልግ ከሲቪህ ጋር ይዘኸው ሂድ።

ብድሩን ተወው። በተለማማጅ አበል የስካነር ዕዳ ይዘህ ከትምህርት ቤት አትወጣም። ብዙዎቹ ጥሩ ስካነሮች በየዓመቱ የማደሻ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ገዝተህም አትገላገልም። ጋራዡ ያለውን ከሥራ ሰዓት ውጪ ልልመድበት በል።

ኤሌክትሪክ መኪና? ረጅሙ ካርዳን ከብዙዎቹ ላይ ጠፍቷል። ከሞተሩ ወደ ጎማ የሚሄዱት አጫጭር ዘንጎችና ሲቪ ጆይንቶች (የእነዚህ ዘንጎች መታጠፊያዎች) ግን አልጠፉም። መሪ ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ እዚያም ይጠብቅሃል።

የአባትህን ነገር ሳልሸፋፍን ልንገርህ። እርሳቸውን የከበዳቸው የአንተ ኑሮ ሳይሆን ቱታህ ይመስለኛል። የቢሮ ልጅ ቢኖራቸው ደስ ይላቸዋል፤ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር በአክብሮት ጠይቃቸው፤ የማኔጅመንቱን ክፍያ ማን ነው የሚከፍለው? እርሳቸው ሙሉውን ከቻሉ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ከአንተ ደሞዝ የሚወጣ ከሆነ ግን ዲግሪውን የሚያስተምርህ ያው የናቁት ጋራዥ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ማታ ይሁን፣ ቀኑን ለጋራዡ ተው።