ያላለቀ ድልድይም ይሸከማል

ልጆቼ፣ በትምህርት ላይ ሳላችሁ የምትነድፉት ድልድይ ሁልጊዜ ያለቀ ነው። ጊርደሮቹ፣ ማለትም ወለሉን የሚሸከሙት ረጃጅም አግዳሚዎች፣ ቤሪንጋቸው (ጫፋቸው የሚያርፍበት ትራስ) ላይ ተቀምጠዋል፣ ሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ጠንክሯል፣ ከባዱ መኪና መሃል ላይ ቆሟል። እናንተም ጊርደሩን የሚያጎብጠውን ኃይል ታሰላላችሁ። ስሌቱ ትክክል ነው። ግን ያ ድልድይ እዚያ እስኪደርስ ብዙ ወራት ሳያልቅ ቆይቷል፤ በእነዚያ ወራት ምን እንደተሸከመ የጠየቃችሁ የለም። ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ፈጅቼ የምነግራችሁ አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

እኔ የተማርኩት ወሎ ውስጥ፣ አንድ ወንዝ ላይ ነው። ሦስት ጊርደር ያለው ተራ የአርማታ ድልድይ ነበር። ኮንክሪቱ እዚያው ቦታው ላይ የሚሞላ ስለሆነ ካሳፎርማውን (እርጥቡን ኮንክሪት ቅርጽ የሚያሲዘውን) የሚደግፈውን እንጨት ደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ አቆምነው። የካቲት ወር ነበር፤ ፌሮው ታስሮ አልቆ በማግስቱ ልንሞላ ነው። አንድ የአካባቢው አዛውንት መጡና «ልጄ፣ በልግ ሲገባ ይህ ወንዝ እዚህ ሳይዘንብም ይመጣል» አሉኝ። ሰማዩ ጥርት ብሏልና አመስግኜ ሸኘኋቸው። ሌሊት ደጋው ላይ የዘነበው ወረደ። ሲነጋ ካሳፎርማው ታች ድንጋይ ላይ ተከምሯል፣ ፌሮው ተጠማዟል። ጥበቃው ከወንዙ ዳር ርቆ ስለተኛ ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስሌቴን መልሼ ሳየው ስለዚያ ድጋፍ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም።

ወንዝ ውስጥ ድጋፍ ማቆም በሚያሰጋበት ቦታ ጊርደሩን ዳር ላይ ሞልቶ በክሬን ማስቀመጥ ይመረጣል። ተራ አርማታ እስከ 20 ሜትር ገደማ ያዋጣል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን፣ ጭነቱ በሜትር እንደነበረ ቢቆይ እንኳ፣ የሚያጎብጠው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለረጅሙ ውስጡ በተወጠረ የብረት ገመድ የሚጨመቀው፣ ፕሪስትረስድ የምንለው ጊርደር ይሻላል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ገመዱ የሚወጠረው ከታች በኩል ስለሆነ ጊርደሩ ገና መሬት ላይ እያለ መሃሉ ወደ ላይ ቀና ይላል። ሁለት ጫፉ ላይ ሲያርፍ የገዛ ክብደቱ ወደ ታች እየጎተተ ያመዛዝነዋል። ከመሃሉ ብታነሱት ወይም መሃሉ ሥር ድንጋይ ከትታችሁ ብታስቀምጡት ግን ክብደቱ ከገመዱ ጋር ያብርና የላይኛው ፊት ሊሰነጠቅ ይችላል። የጭነት መኪና ሊያሻግር የተሠራ ጊርደር፣ መኪና ሳያይ! የማንሻውን ነጥብ ንድፉ ላይ ጻፉት፤ ለክሬን ሹፌሩ ግምት አትተዉት። ቤሪንጉ ላይ ካረፈ በኋላም ቁመቱ ረጅም ወርዱ ጠባብ ነውና በጎን ሊገለበጥ ይችላል። ሳታስሩት ለምሳ አትሂዱ።

ከዚያ ሶሌታው ይሞላል። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ በካሬ ሜትር ግማሽ ቶን ይመዝናል። እርጥብ ኮንክሪት ክብደት አለው እንጂ ጉልበት የለውም፤ ከሥሩ ድጋፍ ከሌለ ሁሉንም የሚሸከመው ጊርደሩ ብቻውን ነው። ሲጠነክር፣ ከጊርደሩ አናት በወጣው ፌሮ ተያይዞ፣ ሁለቱ አንድ አካል ይሆኑና የመኪናውን ጭነት አብረው ይሸከማሉ። ስለዚህ ሁለት ስሌት ሥሩ፤ አንዱ ለጊርደሩ ብቻ፣ ሌላው ለሁለቱ።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ የዌስት ጌት ድልድይ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1970 ገና እየተሠራ ሳለ አንዱ ክፍሉ ወድቆ 35 ሰዎች ሞቱ። የብረት ሳጥን ጊርደር ነበር። በርዝመቱ ለሁለት ተከፍሎ ተሠርቶ ላይ ሊገጣጠም ሲል፣ አንዱ ግማሽ ከሌላው ከ11 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዝቅ እንዲል የኮንክሪት ብሎክ ጫኑበት፤ ብረቱ ጎበጠ። ጉብጠቱን ለማቃናት ብሎኖቹን ሲፈቱ ወደቀ። ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር የማስበው ሁለቱ ግማሾች አልገጥም ያሉበትን ቀን ነው። እናንተም ላይ እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል። ጊዜው አልፏል፣ አለቃው ይቆጣል፣ ብሎኩ አጠገባችሁ አለ። ያን ቀን ሥራውን አስቁሙና ወደ ስሌቱ ተመለሱ። የሚያመሰግናችሁ አይኖርም፤ ቢሆንም አስቁሙ።

ጊርደር በሚነሳበት ዕለት ቢሮ አትዋሉ። የክሬኑ እግር ያረፈበትን አፈር በዓይናችሁ እዩ። ሌሊት ዘንቦ እንደሆነም የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ እዚያው ወንዙ ዳር ብቻ ሳይሆን፣ ከላይ ደጋው ላይም።