ባለቤቴ ከግንባር ከተመለሰ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ከሐዋሳ ነኝ፣ ባለቤቴ ወታደር ነበር፣ ማታ ማታ በላብ ተጠምቆ እየጮኸ ይነሳል፣ የባጃጅ ሞተር ጧ ሲል መሬት ይተኛል፣ ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው "እምነት አለኝ፣ እብድ አይደለሁም" ይለኛል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ይሄ የወኔም የእምነትም ማነስ አይደለም፣ እንደ ጦርነት ካለ አስደንጋጭ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ፣ ፒቲኤስዲ (PTSD) የሚባል፣ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአእምሮ ሐኪሞች የሕመም መመዘኛ መጽሐፍ የገባና የሚታከም ሕመም ነው። ኤልያስን አንብቢለት፣ 1ኛ ነገሥት 19፣ ያ ጀግና ነቢይ እኮ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ክትክታ ሥር ተኝቷል፣ እግዚአብሔር ግን አልተቆጣውም፣ እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውሃ ነው የሰጠው። ጠበሉን አይተው፣ ገብርኤልንም ይሳለም፣ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ጋም አብራችሁ ሂዱ፣ መድኃኒት ከታዘዘለት ደግሞ ጠበል ጀመርኩ ብሎ እንዳያቋርጥ። ሲባንን አትነቅንቂው፣ ራቅ ብለሽ በስሙ ጥሪው። ስለ መሞት ካወራ ግን ነገ ሳትዪ ያኔውኑ ይዘሽው ሂጂ።